ከመለከቶቹ ጋር ያረፈው ዲስክ

አሶሳ፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጃለታ ዲንሳ
ጉባ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ባለፈው በስልክ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ስልህ የሳቅከውን ሳቅ አልረሳሁትም፤ ስለዚህ ስለ ሙቀት አልጠይቅህም። እኛ ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን ደህና ነው። እህቴ ሰዕዲያ ሰላም ትልሃለች።

«ለምን ሰርቨር ትሠሪያለሽ? አንድ ኤክስተርናል ዲስክ አይበቃሽም ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መስመሩ ተቆረጠ። እንኳን ተቆረጠ፤ በአፌ የመጣው መልስ ለወንድም የሚመለስ አልነበረም። አሁን ረጋ ብያለሁና በወረቀት ልመልስልህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። የጭነት መኪና ሹፌሩ ዓብዱልባሲጥ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ግድቡ በወጣ ቁጥር አደርስልሻለሁ ብሎኛል።

አንድ ዲስክ አይበቃኝም፤ ምክንያቱም አንድ ዲስክ ነበረኝ። ከባምባሲ መጥተህ የቋንቋ ቀረጻ ፕሮጀክታችን የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆነህ ሁለት ዓመት ስለቆየህ ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ሙሉውን ግን ስማኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆሞሻን፣ መንጌን፣ የአሶሳን ዙሪያ እየዞርኩ የሽማግሌዎችንና የእናቶችን ድምፅ በበርታ ቋንቋ ቀዳሁ። አራት መቶ ሰዓት ነው። ተረቱ፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ የዕፀዋቱ ስም፣ ሰው የሚታረቅበት ቃል። ከቀዳኋቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች አስራ አራቱ ዛሬ የሉም። አንዱ አባቴ ሐምዳን ነው።

አባቴ የቅል መለከቶቹ መሪ ነበር። መለከቶቹ አስራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወጣው አስራ ሁለቱ ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ነው። የድሮዎቹን ዜማዎች ተራ ሙሉውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ሊሞት ዓመት ሲቀረው አንድ በአንድ እየቆጠረ ነገረኝ። ተቀድቷል።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቅጂው ያለበትን የቢሮ ዲስክ ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ። ስከፍተው የስብሰባ ቪዲዮ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አባቴ ወጥቶ ጭብጨባ ገብቶበታል! አሁን ያለኝ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሳላስፈቅድ ገልብጬ የያዝኩት ብቻ ነው። ይህን የሰማው የቀድሞው ኃላፊያችን «የፕሮጀክቱ ንብረት ስለሆነ ባስቸኳይ መልሺ» የሚል ደብዳቤ ልኮልኛል። ሲጠፋ ዝም ያለ ሰው ሲገኝ ይጮሃል። ለማን ነው የምመልሰው? ለተዘጋ በር? አልመልስም፤ ይክሰሰኝ።

ክልል ሆናችኋል፣ ቋንቋችሁም ቋንቋ ነው ሲባል የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አመንኩ፤ ዛሬም አምናለሁ። ግን ሌላ ሰው በመሳቢያው ቆልፎ እንዲያስቀምጥልን አይመስለኝም ክልል የሆንነው።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። እንቅልፍ የለኝም። ቤቴ ውስጥ እሠራዋለሁ፤ ምን ልፈልግ? ጻፍልኝ።

እህትህ
ኢንዓም ሐምዳን


ጉባ፣ የካቲት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢንዓም

የጌታ ሰላም ከቤታችሁ ጋር ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈረቃችን ተቀያይሮ ቀንና ሌሊቱ ተምታቶብኝ ሰነበተ። ለእናትሽ ጉልበት እግዚአብሔር ይድረስላት።

በስልክ «ቤት ያለውን ላፕቶፕ ሰርቨር ባደርገውስ?» ላልሽው፣ አይሆንም። አሮጌ ዴስክቶፕ ፈልጊ። ፈጣን መሆን የለበትም፤ የምንፈልገው ጎተራ ነው እንጂ ፈረስ አይደለም። ራሙ ከአራት ጊጋ አይነስ። ዲስኮቹ ግን አዲስ ይሁኑ፤ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ቴራ። ያገለገለ ዲስክ ማንም በነፃ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ነፃውን የሰርቨር ሶፍትዌር በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አጫጫኑን በጀርባው ወረቀት ላይ በቁጥር በቁጥር ጽፌዋለሁ። ከራውተርሽ ጋር በገመድ አገናኚው እንጂ በዋይፋይ አይሁን። ከዚያ ከሰዕዲያ ስልክም፣ ከላፕቶፕሽም ይከፈታል። መብራታችሁን አውቀዋለሁና ያለ ዩፒኤስ፣ ያለ መጠባበቂያ ባትሪ፣ እንዳታበሪው።

ሁለቱ ዲስኮች መንታ ይሆናሉ። አንዱ ላይ የጻፍሽው ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ይህ ግን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይባልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ላይ ያጠፋሽው ሌላውም ላይ ይጠፋል። መብረቅ ቢመጣም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚወስዳቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ ያስፈልግሻል፤ ከኤሌክትሪክ የተነቀለ፣ ከቤትሽም የወጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በዓብዱልባሲጥ አፍ የላክሽብኝን ጥያቄ በተመለከተ፣ የቢሮውን ዲስክ ማን እንዳጸዳው ማለቴ ነው፣ በዚያ ሰሞን የሚጸዳው ማሽን ብዙ ነበር። አላስታውስም። ስንገናኝ እናወራለን።

ጃለታ


አሶሳ፣ መጋቢት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጃለታ

ሰላም ላንተ ይሁን። «አላስታውስም» ላልከው፣ እሺ። ሰው ይረሳል።

«ቆመ ወይ?» ብለሃል። ቆሟል! ዴስክቶፑን ከተዘጋ ፎቶ ቤት አገኘሁት፤ ውስጡ የነበረውን አቧራ ብታይ ቡና ይዘራበታል። በቁጥር የጻፍክልኝን ሁሉ ተከተልኩ፤ ስምንተኛውን ግን ከሰባተኛው አስቀድመህ መጻፍ ነበረብህ፤ አንድ ቀን ሙሉ አቃጥለህብኛል። መኝታ ቤቴ ውስጥ በቀርከሃ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ በጥልፍ የአልጋ ልብስ አፍና ሸፍናው አገኘኋት፤ ትንሽ ብዘገይ ተጠብሶ ነበር። አሁን ቀን ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። «ሐምዳን እዚህ ውስጥ ነው?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ምን ልበላት?

ለኃላፊው ደብዳቤ ምን ብዬ እንደመለስኩ ለጠየቅከኝ፣ በራሱ ደብዳቤ ጀርባ ላይ «የጠፋውን አራት መቶ ሰዓት ስትመልስልኝ የተረፈውን እመልስልሃለሁ» ብዬ ጽፌ በእጁ ሰጠሁት። ፊቱ ምን እንደመሰለ አልነግርህም፤ ደስታው የኔ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው ቅጂ የት እንዳለ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። የለም። ዲስኩን ገዝቻለሁ፤ የማስቀምጥበት ቤት ግን የለኝም። አንድ ጊዜ ሰው አምኜ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የሆነውን አየሁ። ካሁን በኋላ ከዓይኔ አይርቅም። በዚህ አትከራከረኝ።

ኢንዓም


ጉባ፣ ግንቦት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢንዓም

እንደምን ሰነበትሽ? የሰባተኛውና የስምንተኛው ቁጥር ስህተት የኔ ነው፤ ይቅርታ።

ስለ ሦስተኛው አትከራከረኝ ብለሻል። አልከራከርም፤ ግን እለምንሻለሁ። ክረምት እየገባ ነው። የአሶሳን ነጎድጓድ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉንም ንቀዪ፤ ዩፒኤሱ ያድነኛል ብለሽ አትተኚ።

«ሁሉም ነገር ተገልብጦ አልቋል፤ አሁን ምን ቀረኝ?» ላልሽው፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ተከፍቶ ያልተሰማ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። ዝርዝሩን አትመኚ፤ ስሙ ኖሮ ውስጡ ባዶ የሆነ ፋይል በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን አንሺ፤ የምትወጂውን እንዳትመርጪ። ድምፁን ከፍ አድርጊና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሚው። ይህን ሳታደርጊ አለቀ አትበዪኝ።

ጃለታ


አሶሳ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጃለታ

ሰላም ብያለሁ። በስልክ «ምን አደረግሽ? ዓብዱልባሲጥ ሰፈሩ ሁሉ ተነሣባት ይላል» ላልከው እነሆ መልሱ። ያዘዝከኝን ነው ያደረግሁት።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ስፒከሩን መስኮት ላይ አድርጌ፣ እንዳልከው ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ነካሁ። አስራ ሁለቱ መለከቶች ጮኹ። አባቴም በመካከል «ሦስተኛው ግባ! አራተኛው ግባ!» ይላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ ቀዬ ዘር መሬት ከገባበት ቀን ጀምሮ እህል እስኪሰበሰብ ድረስ መለከት አይነፋም። ይሰቀላል፣ ያርፋል። ሐምሌ ላይ መለከት መንፋት ያልበቀለውን ማሽላ እንደ መሳደብ ነው። እኔ የመሪው ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ከሰው አፍ ስቀዳ የኖርኩት፣ ፋይል ብቻ መስሎ ታየኝ። በሁለተኛው ድምፅ ላይ አውቄዋለሁ። ማጥፋት እችል ነበር። የአባቴን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ እያለቀስኩ ሰማሁት።

አጎቴ ሐመድ ከእርሻው ጭቃውን እንኳ ሳይታጠብ መጣ። የአባቴ ታናሽ ነው፤ ዛሬ መለከቶቹ የሚያርፉት በእሱ ቤት ነው። በሩ ላይ ቆመ። በበርታ «ወንድሜን ማን ቀሰቀሰው?» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ይጥፋ አሉ። እኔም መደርደሪያው ፊት ቆሜ «አንድ ሰው አጥፍቶብኛል። ሁለተኛ አይጠፋም፤ እኔን አልፋችሁ ካልሆነ» አልኩ። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች።

ዓብዱልባሲጥ እዚያው ስለነበር አጎቴ እሱም እንዲሰማው በአማርኛ ተናገረ። በአማርኛ ሲሆን እኔንም «አንተ» ነው የሚለኝ። «ኢንዓም፣ አንተ ስማ። እኔ ሐምዳን ይጥፋ አላልኩም። ሐራም ነው አላልኩም። ጊዜ አይደለም ነው ያልኩ። መለከት ያርፋል፤ ድምፁ ለምን አያርፍም? ስጠኝ። ከመለከት ጋር እሰቅላለሁ። መኸር ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ አብሮ ይወጣል።»

የመለከቶቹን ፋይሎች ከሰርቨሩ አውጥቼ በዚያ በገዛሁት ሦስተኛ ዲስክ ላይ አደረግሁ። ቦታ ስለተረፈው፣ ያንተ ልመናም ጆሮዬ ላይ ስላለ፣ የቀረውንም ቅጂ ሁሉ አብሬ ገለበጥኩበት። አጎቴ በፕላስቲክ፣ ቀጥሎ በቆዳ ጠቅልሎ ወሰደው። የማስቀምጥበት ቤት የለኝም ብዬህ ነበር፤ ያገኘሁት በጠብ ነው።

ኢንዓም


ጉባ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢንዓም

በስልክ የሰማሁት አራት ቃል ነው፤ «መብረቅ መታን፤ ሁሉም ተቃጠለ» አልሽኝ። የቀረውን ዓብዱልባሲጥ ነገረኝ። አንቺ ከሰዕዲያ ጋር ገበያ እያለሽ እንደሆነ፣ እናትሽ በጉልበቷ ደርሳ መንቀል እንዳልቻለች፣ እንደምታለቅስም። እባክሽ ጥፋቱ የሷ አይደለም በያት። እሷ ብትነካው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ የልቅሶ ደብዳቤ ነበር።

በእሱው አፍ «ዲስኮቹን ለጥገና አዲስ አበባ ልኬያቸው ነበር፤ አይሆንም አሉኝ» ብለሻል። ልክ ናቸው። ሰርቨሩ፣ ሁለቱ ዲስኮች፣ አብሮ የተሰካው ላፕቶፕሽም አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱም ጭስ በሚጨስበት የሣር ቤት ውስጥ ተሰቅሏል። እርጥበት አለ። አይጥ አለ። ኢንዓም፣ ዛሬውኑ ሄደሽ አውጪው። አጎትሽ ቢቆጡ ይቆጡ። ገልብጪውና በማግስቱ መልሺላቸው፤ ማንም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገርሽ። በየካቲት አላስታውስም ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የቢሮውን ዲስክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኃላፊው «ለስብሰባው ቪዲዮ ቦታ አዘጋጅ» ብሎ ሰጠኝ። ስከፍተው የፋይሎቹ ስም ሁሉ የማላነበው ቋንቋ ሆኖ አየሁት። የማላነበው ስለሆነ የማይረባ መሰለኝ። አንቺ በሁለት በር ርቀት ላይ ተቀምጠሽ ነበር፤ መጥቼ አልጠየቅሁሽም። አስራ አንድ ደቂቃ ነው የወሰደው።

ጉባ የመጣሁት ሥራ አግኝቼ ነው እላለሁ። እውነቱ ዓይንሽን ላለማየት ነው። ካሁን በኋላ ባትጽፊልኝ አልፈርድብሽም። ዲስኩን ግን አውጪው።

ጃለታ


አሶሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጃለታ

አውቅ ነበር።

የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ትሩፋት ዲስኩ የወጣበትንና የገባበትን ወረቀት ፕሮጀክቱ በተዘጋ ሳምንት አሳይታኛለች። ስምህ አለ፣ ፊርማህም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍልህ አውቅ ነበር፤ በዓብዱልባሲጥ አፍ ስጠይቅህም አውቅ ነበር። ትናገር እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ዘጠኝ ወር ፈጀብህ።

«ታዲያ ለምን ወንድሜ እያልሽ ጻፍሽልኝ?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። በመጀመሪያ ልቀጣህ ነበር። ያጠፋኸውን በእጅህ መልሰህ እንድትሠራው፣ ሌሊት ፈረቃ አድረህ ለኔ ቁጥር በቁጥር እንድትጽፍ። ደግሞም ነገር እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ እንዳንተ የሚያውቅ ደግሞ የለም። ከመጋቢት በኋላ ግን ቅጣቱን ረሳሁት። ደብዳቤህን መጠበቅ ጀመርኩ። ይህ ያናድደኛል፤ እውነት ስለሆነ ግን ጻፍኩት።

ዲስኩን ግን አላወጣውም።

አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር፤ ስለ መብረቁ ነገርኩት። «ከመኸር በፊት አይወጣም» አለኝ። ቤቱን ዞሬ አየሁት። መለከቶቹ የተሰቀሉት ከምድጃው በላይ ነው፤ ጭሱ ነቀዝ እንዳይበላቸው ይጠብቃቸዋል፤ ሌሊት ዝናብ ቢያፈስ አጎቴ ተነሥቶ የሚያየው መጀመሪያ እነሱን ነው። አንተ የምታውቀው የኤሌክትሪክ ቤት ይህን ያህል የሚጠብቀው ሰው አለው? አጎቴ ለሰላት ሲወጣ ጠብቄ መውሰድ እችላለሁ። «ማንም ሳያውቅ» ብለሃል። ማንም ሳያውቅ ነው የመጀመሪያውም የጠፋው! እኔም ሳልጠይቅ ከወሰድኩ ካንተና ከኃላፊው በምን ልለይ ነው?

እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። በየቀኑ ማሽላውን ሄጄ አያለሁ፤ እህል እንዲህ አዝግሞ ሲደርስ አይቼ አላውቅም። ግን እጠብቃለሁ። ቢበላሽ የሚበላሸው በባለቤቶቹ እጅ ነው። በዚህም አትከራከረኝ።

ኢንዓም


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጃለታ

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የሚናገረው አጎቴ ሐመድ ነው፤ እኔ ጸሐፊው ብቻ ነኝ። አማርኛውን ላርምልህ ስለው ተቆጥቶኛል፤ ስለዚህ እንዳለው ጽፌዋለሁ። — ኢንዓም

አሰላሙ ዐለይኩም፣ አንተ ጃለታ። ሐመድ ነኝ፣ የሐምዳን ወንድም።

ማሽላ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ። ጥሩ ነው። መለከት ወረደ። ዲስክም ወረደ። ኢንዓም ላፕቶፕ ከሰው ለምኖ አመጣ። ገመድ ለሰዕዲያ ሰጠ። ሰዕዲያ ሰካ። ተከፈተ። ሁሉ አለ። ሐምዳን አለ። ሦስት ፋይል እምቢ አለ ይላል ኢንዓም፤ ሦስት ምንም አይደለም፣ እኔ ራሴ ከወንድሜ የረሳሁት ከዚያ ይበልጣል።

ሐምዳን ሲቆጥር እኛ ነፋን። የድሮውን፣ አባታችን የሚነፋውን። አስር ዓመት አልነፋነውም፣ ተራ ጠፍቶብን። አሁን ሐምዳን ግባ ይላል፣ ሰው ይገባል። የኢንዓም እናት ቁጭ ብሎ አላለቀሰም፣ ቆሞ ነው ያለቀሰ።

ግን ዜማው ቀዳዳ አለው። ዘጠነኛው መለከት ሰው የለውም። የሚነፋው ሽማግሌ ሞተ፣ ልጆቹ ሱዳን ሄዱ። ሐምዳን «ዘጠነኛው ግባ» ይላል፣ ማንም አይገባም። ዝም። ከዚያ አስረኛው ይገባል። ሁለት ቀን እንዲህ ነፋን። መጥፎ ነው።

ያጠፋው አንተ ነህ አሉኝ። ኢንዓም ነገረኝ፣ ደብዳቤህንም አነበበልኝ። እኔ መጀመሪያ ይሄ ሰው አይምጣብኝ አልኩ። ኢንዓም ተቆጣ። እኔም አሰብኩ። አንተ የማታነበው ነገር የማይረባ መሰለህ። ደህና። ማንበብ አያስፈልግም። ና፣ በአፍህ ያዘው።

አልችልም አትበል። አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሕፃን ይነፋል። ስምንተኛውን ትሰማለህ፣ ትገባለህ፣ ትወጣለህ። ክርስቲያን ነኝ አትበል፣ ማንም አልጠየቀህም። ሥራ አለ አትበል፣ ግድቡ አንተ ከሌለህ አይፈርስም። ዓብዱልባሲጥ ሐሙስ ወደ አሶሳ ይመለሳል፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዝ ብዬዋለሁ።

ዘር እስኪገባ እንነፋለን። በየዓመቱ ትመጣለህ። እኔ ስሞት ዘጠነኛው ማነው ብለው ሲጠይቁ፣ የባምባሲው ጃለታ ነው ይላሉ።

ሐመድ